የአንድ ቤት ታሪክ የአገር ታሪክ ይሆናልን?
«ምርጡ ወጣትነት» ስለተባለው የኢጣልያ ፊልም የቀረበ የታሪክ ምርመራ

መግቢያ

ታሪክን ከመጽሐፍ ይልቅ ከሲኒማ የሚማር ሰው ቁጥሩ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ ሄዷል። አንድ ተማሪ ስለ ሌላ አገር ያለፈ ዘመን ቢጠየቅ፣ ካነበበው ምዕራፍ ይልቅ ያየው ትርኢት ቀድሞ ይታወሰዋል። ይህ በራሱ የሚነቀፍ ነገር አይደለም፤ ሥዕልና ድምፅ ከፊደል ይልቅ ልብን ይነካሉና። ነገር ግን አንድ ፊልም የታሪክ ምስክር ነው ተብሎ ሲጠራ፣ በችሎት ፊት እንደሚቆም እንደ ማንኛውም ምስክር ሊጠየቅ ይገባዋል። ምን አየ? ምንስ ሳያይ ቀረ? ሳያይ የቀረውንስ ስለ ምን አላየውም?

በዚህ ጽሑፍ እንዲህ አድርገን ልንጠይቀው ያሰብነው ማርኮ ቱሊዮ ጆርዳና የተባለው የኢጣልያ የፊልም አዘጋጅ ሠርቶ በ2003 ለሕዝብ ያሳየውን «ላ ሜሊዮ ጆቬንቱ» የተባለ ፊልም ነው። ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ምርጡ ወጣትነት» እንደ ማለት ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

ፊልሙ ከ1966 እስከ 2003 ድረስ ያለውን ዘመን በአንድ የሮማ ቤተሰብ ሕይወት አማካይነት ይተርካል። ከዚህም የተነሣ በኢጣልያም ሆነ በውጭ አገር ብዙ ተመልካቾች የአርባ ዓመት የኢጣልያ ታሪክ በስድስት ሰዓት ተጠቃሎ የቀረበበት ሥራ አድርገው አወድሰውታል። የእኛ አሳብ ግን ከዚህ ይለያል። የተዋናዮቹ ችሎታ የተመሰከረለት ነው፤ የቤተሰቡም ፍቅርና ሐዘን ተመልካቹን ያለ እንባ አያሰናብትም። በዚህ ረገድ የምንከራከረው ነገር የለንም። ከሚገባው በላይ ተመስግኗል የምንለው በታሪክነቱ ነው። ይህንንም ከፊልሙ የታሪክ አካሄድና በዚያ ዘመን በእርግጥ ከተፈጸሙት ነገሮች ጋር በማስተያየት ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. ፊልሙ እንዴት እንደ ተሠራ

ድርሰቱን የጻፉት ሳንድሮ ፔትራሊያና ስቴፋኖ ሩሊ ናቸው። ሥራው መጀመሪያ የታሰበው ለኢጣልያ የመንግሥት ቴሌቪዥን በአራት ክፍል እንዲታይ ሲሆን፣ ቴሌቪዥኑ ግን ወዲያው ሳያሳየው ቆየ። በ2003 በፈረንሳይ አገር በካን በተደረገው የፊልም በዓል ላይ «ኧን ሰርተን ረጋር» በተባለው ክፍል ቀርቦ ሽልማቱን ወሰደ። ከዚያም በኢጣልያ ሲኒማ ቤቶች እያንዳንዱ ሦስት ሰዓት በሚፈጅ ሁለት ክፍል ታየ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም በቴሌቪዥን ቀረበ። በ2004 «ዳቪድ ዲ ዶናቴሎ» የተባለውን የኢጣልያን ከፍተኛ የፊልም ሽልማት አገኘ።

ይህን የጠቀስነው ያለ ምክንያት አይደለም። ለቴሌቪዥን የሚሠራ ተከታታይ ድራማ የራሱ ሥርዓት አለው። ተመልካቹ በቤቱ ተቀምጦ፣ ከሳምንት ሳምንት የሚያውቃቸውን ሰዎች እንደ ጎረቤቶቹ እያየ የሚከታተለው በመሆኑ፣ ነገሩ ሁሉ በዘመዳሞች መካከል እንዲፈጸም ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ትልቅ የአገር ጉዳይ ወደ ድራማው ሊገባ የሚችለው ከቤተሰቡ አባላት አንዱ በቦታው ሲገኝ ብቻ ነው። የፊልሙ ጥንካሬም ድካምም የሚመነጨው ከዚህ ነው።

፪. የካራቲ ቤተሰብ

ነገሩን ላላዩት ሰዎች በአጭሩ እንግለጽ። በ1966 በጋ በሮማ የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ኒኮላ የሕክምና ተማሪ፣ ማቴዮ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነው። ከጓደኞቻቸው ጋር ወደ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ሊጓዙ ተዘጋጅተው ሳለ፣ ማቴዮ በአንድ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ጆርጃ የተባለች ልጅ በኤሌክትሪክ ንዝረት እንደምትሠቃይ ይደርስበታል፤ ሰርቆም ያወጣታል። ልጅቱ በመንገድ ላይ በፖሊስ ትያዛለች። ከዚህ በኋላ የወንድማማቾቹ መንገድ ይለያያል፤ ማቴዮ ትምህርቱን ጥሎ ወታደር፣ ኋላም ፖሊስ ይሆናል፤ ኒኮላ ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ይሆናል።

ኒኮላ የሚወዳት ጁሊያ አንዲት ሴት ልጅ ከወለደችለት በኋላ ቤቷን ትታ ከቀይ ብርጌዶች ጋር ትሰለፋለች። ታላቅ እኅታቸው ጆቫና ዳኛ ናት። ታናሽ እኅታቸው ፍራንቼስካ የኢኮኖሚ ሊቅ የሆነውን ካርሎን ታገባለች። ቪታሌ የተባለው ወዳጃቸው በቶሪኖ የፊያት ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ማቴዮ በመጨረሻ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ራሱን ከሰገነት ወርውሮ ይሞታል፤ ከሞተም በኋላ ሚሬላ ከተባለች ፎቶግራፍ አንሺ ልጅ እንደ ወለደ ይታወቃል። ፊልሙ የሚያበቃው ይህ ልጅ አድጎ፣ አባቱ ሳይደርስበት የቀረውን የኖርዌይ ጫፍ ሲያይ ነው።

አንባቢ እንደሚያስተውለው የቤተሰቡ አባላት ለዘመኑ ዋና ዋና ጉዳዮች አንድ በአንድ ተከፋፍለዋል። ለሽብሩ ጁሊያ፣ ለፖሊሱ ማቴዮ፣ ለአእምሮ ሕክምናው ኒኮላ፣ ለፍርድ ቤቱ ጆቫና፣ ለባንኩ ካርሎ፣ ለፋብሪካው ቪታሌ አሉ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ አከፋፈል ዘመኑን ያሳየናል ወይስ ይሸፍንብናል የሚለው ነው።

፫. ፊልሙ በትክክል የሚመሰክረው

ለምስክሩ የሚገባውን ክብር አስቀድመን እንስጥ። በኖቬምበር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ከገደቡ ወጥቶ የፍሎረንስን ከተማ አጥለቀለቀ። በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የሆኑ መጻሕፍት በጭቃና በነዳጅ ዘይት ተበላሹ፤ በሳንታ ክሮቼ የነበረው ቺማቡዌ የሣለው ጥንታዊ ስቅለትም ክፉኛ ተጎዳ። ከኢጣልያና ከሌላም አገር የመጡ ወጣቶች ማንም ሳያዝዛቸው ሰንሰለት ሠርተው መጻሕፍቱን ከእጅ ወደ እጅ እያቀባበሉ አወጡ፤ ከዚያም ጊዜ ጀምሮ «የጭቃ መላእክት» ተባሉ። ፊልሙ ይህን ሲያሳይ እውነቱን ያሳያል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በየአደባባዩ ከፖሊስ ጋር የሚጋጨው ትውልድ መጀመሪያ እርስ በርሱ የተዋወቀው በአንድ ከተማ ጭቃ ውስጥ መሆኑ በእርግጥ ሊታወስ የሚገባው ነገር ነው።

ከዚህም የሚበልጠው የአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ ነው። በኢጣልያ የ1904 ሕግ ለራሱ ወይም ለሌላው አደገኛ የሆነን፣ ወይም በሕዝብ ፊት ነውር የሚፈጥርን በሽተኛ ዘግቶ ማስቀመጥን ፈቅዶ ነበር። በ1938 ደግሞ ቼርሌቲና ቢኒ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች የኤሌክትሪክ ንዝረት ሕክምናን በዚያው በሮማ ጀመሩ። በ1960ዎቹ ዓመታት በእነዚህ ሆስፒታሎች ውስጥ የተዘጋው ሕዝብ 100 ሺህ ገደማ ነበር። ከ1961 ጀምሮ በጎሪትዝያ፣ ከ1971 ጀምሮ በትሪዬስቴ የሆስፒታል ኀላፊ የነበሩት ዶክተር ፍራንኮ ባዛልያ በሩን ከፈቱ፤ በሽተኞችን ከማሰሪያው ፈቱ፤ ሐኪሙና በሽተኛው በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው እንዲመካከሩ አደረጉ። በ1973 የትሪዬስቴ በሽተኞች «ማርኮ ካቫሎ» የተባለ ትልቅ ሰማያዊ ፈረስ ከእንጨትና ከወረቀት ሠርተው በከተማው መንገድ እየገፉ ወጡ።

ኒኮላ ከዓመታት በኋላ ጆርጃን በከፋ ሁኔታ ተዘግታ ሲያገኛትና ቀስ በቀስ ወደ ሰው ኑሮ ሲመልሳት የምናይበት ክፍል ከፊልሙ ሁሉ የላቀ ነው እንላለን። ምክንያቱም በዚህ ቦታ ብቻ አንድ ተቋም እንዴት እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚጠቀምበት፣ ማንስ እንደሚጎዳበት እናያለን። የሆነ ሆኖ በዚህም ቢሆን አንድ ነገር ጎድሏል፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

፬. ስለ ቤተሰብ የተሠራው ፊልም የዘነጋው የቤተሰብ ሕግ

ፊልሙ ከምንም በላይ ስለ ቤተሰብ እንደ ሆነ አዘጋጁም ተመልካቹም ይስማማሉ። ታዲያ በእነዚያ አርባ ዓመታት ውስጥ በኢጣልያ ከመሠረቱ ከተለወጡት ነገሮች አንዱ ራሱ ቤተሰብ ነበር።

ፊልሙ በሚጀምርበት በ1966፣ በሕጉ መሠረት ባል የቤተሰቡ ራስ ነበር፤ ሚስትም እርሱ በመረጠው ስፍራ የመኖር ግዴታ ነበረባት። መፋታት በሕግ አይፈቀድም ነበር። ያመነዘረች ሚስት በወንጀል ትከሰስ ነበር፤ ባል ግን እንደ ሚስቱ አይከሰስም ነበር። «ስለ ክብሬ» ብሎ ሚስቱን፣ ልጁን ወይም እኅቱን የገደለ ሰው ቅጣቱ እጅግ ይቀልለት ነበር። ልጃገረድን የደፈረ ሰውም ያቺኑ ልጅ ካገባ ወንጀሉ ይሰረዝለት ነበር።

በዲሴምበር 1965 መጨረሻ በሲሲሊያ በአልካሞ ከተማ ፍራንካ ቪዮላ የተባለች የ17 ዓመት ልጅ በጉልበት ተጠለፈች። የአገሩ ልማድ ጠላፊዋን አግብታ ነገሩን እንድትዘጋው ያስገድድ ነበር። እርስዋ ግን እምቢ አለች፤ አባቷም ከጎኗ ቆመ። በ1966 መጨረሻ ጠላፊዋ ተፈርዶበት ወኅኒ ወረደ። እንግዲህ ኒኮላና ማቴዮ ጆርጃን ይዘው በሚንከራተቱበት በጋ፣ አገሪቱ በሙሉ የምትነጋገረው ስለዚህች ልጅ ነበር። የጠለፋ ልማድ ለእኛ አገር አንባቢ እንግዳ ባለመሆኑ፣ የዚህች ልጅ ድፍረት ምን ያህል እንደ ነበር ማስረዳት አያስፈልገንም።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ተከታትሎ መጣ። በ1968 የሕገ መንግሥቱ ፍርድ ቤት ሚስትን ብቻ የሚቀጣውን አንቀጽ ሻረ። በዲሴምበር 1970 መፋታት ተፈቀደ። በሜይ 1974 ሕጉ ይሰረዝ ወይስ ይጽና ተብሎ ሕዝብ ሲጠየቅ ከ100 መራጮች 59 ያህሉ ይጽና አሉ። በ1975 የባል ራስነት ቀርቶ ባልና ሚስት በሕግ እኩል ሆኑ፤ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም መብት ሰፋ። ጠላፊን በጋብቻ የሚያድነውና ስለ ክብር የገደለውን የሚምረው አንቀጽ የተሻሩት ግን በ1981 ነበር።

ከዚህ ሁሉ በፊልሙ ውስጥ የታሪኩ ምሰሶ ሆኖ የቆመ አንድም የለም። ጁሊያ ቤቷን ትታ ትወጣለች፤ ሚሬላ ያለ ባል ልጅ ታሳድጋለች፤ የማቴዮ እናትም የልጅ ልጇን በደስታ ትቀበላለች። ይህ ሁሉ በቤተሰቡ ደግነት የተፈጸመ መስሎ ይታያል። ነገር ግን የሚሬላ ልጅ ከሃያ ዓመት በፊት ተወልዶ ቢሆን ሕጉም ሰፈሩም በሌላ ዓይን ባዩት ነበር። ይህን ዓይን የለወጠው የካራቲ ቤት ደግነት ሳይሆን፣ ብዙ ሴቶች በፍርድ ቤት፣ በአደባባይና በምርጫ ሣጥን ያደረጉት ትግል ነው። ስለ ቤተሰብ የተሠራ የታሪክ ፊልም ይህን ከዘለለ ዋናውን ነገር ዘለለ ማለት ነው።

፭. ፖሊሱ የማን ልጅ ነበር?

የፊልሙ ስም ፒየር ፓኦሎ ፓዞሊኒ በፍሪውሊ ቋንቋ ጽፎ በ1954 ካሳተመው የግጥም መድበል ጋር አንድ ነው። ይህ ደራሲ በማርች 1 ቀን 1968 በሮማ በቫሌ ጁሊያ ተማሪዎችና ፖሊሶች ከተጋጩ በኋላ፣ ብዙ ወዳጆቹን ያስቆጣ ግጥም ጻፈ። አሳቡም ባጭሩ ይህ ነው፦ ተማሪዎቹ የባለጸጎች ልጆች ናቸው፤ ፖሊሶቹ ግን ከድኻው ገጠርና ከከተማው ዳር ለእንጀራ ሲሉ የመጡ የድኾች ልጆች ናቸው። ደራሲው ልክ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጥያቄው ግን የመደብ ጥያቄ ነበር።

ፊልሙ ስሙን ከዚያ ወስዶ ጥያቄውን ጥሎታል። ማቴዮ የድኻ ልጅ አይደለም፤ መጻሕፍት በሞላበት ቤት ያደገ ተማሪ ነው። ፖሊስ የሆነው በልቡ ውስጥ ካለው ሕመም የተነሣ እንጂ እንጀራ አጥቶ አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ወገኖች በአደባባይ ሲገናኙ የምናየው የሁለት መደብ ግጭት ሳይሆን የሁለት ወንድማማቾች ኀዘን ነው። ተመልካቹ ያዝናል፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተጋጩ አያውቅም።

የሠራተኛውም ነገር እንዲሁ ነው። የቶሪኖ ከተማ ሕዝብ በ1951 ከ720 ሺህ ገደማ ተነሥቶ በ1971 ከአንድ ሚሊዮን 160 ሺህ በላይ ደርሷል። ይህን ያደረገው ከደቡብ ኢጣልያ በባቡር ተጭኖ ወደ ፋብሪካ የገባው ሕዝብ ነው። በ1980 መከር ፊያት ሠራተኞችን ሊቀንስ ሲነሣ ሠራተኛው 35 ቀን ሥራ አቆመ፤ በኦክቶበር 14 ቀን ግን አለቆችና የቢሮ ሠራተኞች «የ40 ሺሁ ሰልፍ» በተባለው ሰልፍ ወጥተው ሥራ እንዲጀመር ጠየቁ፤ አድማውም ተሸነፈ። 23 ሺህ ሰዎች ከሥራ ታግደው በድጎማ ቤታቸው ተቀመጡ። የኢጣልያ ሠራተኛ ማኅበራት ኀይል ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በፊልሙ ይህ ሁሉ የአንድ ወዳጅ ሥራ ማጣት ሆኖ ያልፋል፤ ቪታሌም ሌላ ሥራ ይዞ ከወዳጆቹ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል።

ፊልም በባሕርዩ ከዚህ የበለጠ ሊያሳይ አይችልም የሚለን ቢኖር፣ በ1960 ሉኪኖ ቪስኮንቲ የሠራውን «ሮኮና ወንድሞቹ» እንዲያይ እንመክረዋለን። እርሱም ስለ ቤተሰብ ነው፤ አንዲት እናትና አምስት ወንዶች ልጆቿ ከደቡብ ወደ ሚላኖ ይሰደዳሉ። ነገር ግን እዚያ ቤተሰቡ የሚፈርሰው ስደቱና ከተማው ስላፈረሱት መሆኑን ተመልካቹ በግልጽ ያያል። የቤቱና የአገሩ ታሪክ እንደ ምክንያትና እንደ ውጤት ተያይዘዋል። በካራቲ ቤት ግን የአገሩ ታሪክ በመስኮት የሚታይ ዝናብ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ የቤቱን ሰው ያበሰብሰዋል እንጂ ከየት እንደ መጣ አይጠየቅም።

፮. ቦምቡና ጠለፋው

በዲሴምበር 12 ቀን 1969 በሚላኖ በፒያሳ ፎንታና በሚገኝ የእርሻ ባንክ ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ 17 ሰዎች ሞቱ። ፖሊስ መጀመሪያ የወነጀለው ሥርዓተ አልበኛ የሚባሉትን ወገኖች ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ ጁዜፔ ፒኔሊ ከፖሊስ ጽሕፈት ቤት መስኮት ወድቆ ሞተ። ከብዙ ዓመታት ክርክር በኋላ በ2005 የሰበር ፍርድ ቤት ጥፋቱ የቀኝ አክራሪዎች እንደ ነበረ ገለጸ፤ ነገር ግን ተጠያቂ የሆኑት ሰዎች አስቀድመው በነጻ ስለ ተለቀቁ ዳግመኛ ሊከሰሱ አልቻሉም። በሜይ 1974 በብሬሻ አደባባይ 8 ሰዎች፣ በኦገስት 2 ቀን 1980 በቦሎኛ ባቡር ጣቢያ 85 ሰዎች በቦምብ አለቁ። በማርች 16 ቀን 1978 ደግሞ ቀይ ብርጌዶች የክርስቲያን ዴሞክራት ፓርቲ መሪ የነበሩትን አልዶ ሞሮን ጠልፈው አምስት ጠባቂዎቻቸውን ገደሉ፤ ከ55 ቀን በኋላ በሜይ 9 ቀን የሞሮ አስከሬን በሮማ በመኪና ውስጥ ተገኘ።

የፊልሙ የሽብር ታሪክ የቆመው በእነዚህ ላይ ሳይሆን በጁሊያ ላይ ነው። ጁሊያ ልጇን ጥላ ትሄዳለች፤ የወዳጅዋ እኅት ባል የሆነው ካርሎ የግድያ ዒላማ ይሆናል፤ በመጨረሻም ኒኮላ ራሱ ያስይዛታል። ነገሩ ልብ ይነካል። ግን ሽብሩ በዚህ መልክ ሲቀርብ የአንዲት እናት ጭካኔ ሆኖ ይቀራል። በባንክና በባቡር ጣቢያ የተቀመጠውን ቦምብ ማን አስቀመጠው? ፍርዱስ ስለ ምን ሠላሳ ዓመት ፈጀ? እነዚህ ጥያቄዎች በካራቲ ቤት ማዕድ ዙሪያ ቦታ አላገኙም።

በዚሁ በ2003 ማርኮ ቤሎክዮ ስለ ሞሮ ጠለፋ «ቦንጆርኖ፣ ኖቴ» የተባለውን ፊልም አሳየ። የሚያስገርመው ኒኮላን የተጫወተው ሉዊጂ ሎ ካሾና ሚሬላን የተጫወተችው ማያ ሳንሳ በዚያ ፊልም የጠላፊዎቹን ቦታ ይዘው መጫወታቸው ነው። ያ ፊልም በአንድ ቤት ውስጥ የ55 ቀኑን ነገር ብቻ ይተርካል፤ ነገር ግን አርባ ዓመት ከሚተርከው ይልቅ ስለ ዘመኑ ብዙ ይጠይቃል። ጆርዳና ራሱም በ2012 ወደ ፒያሳ ፎንታና ተመልሶ ስለ እርሱ ብቻ አንድ ፊልም መሥራቱ፣ ነገሩ በቤተሰብ ድራማ ጥግ ሊያልፍ የማይችል እንደ ነበረ ያመለክታል።

ከላይ ወደ ባዛልያ እንመለሳለን ያልነውም ለዚህ ነው። የአእምሮ ሕሙማንን ሆስፒታሎች የዘጋው ቁጥር 180 የተባለው ሕግ የወጣው በሜይ 13 ቀን 1978 ነው፤ ይህም የሞሮ አስከሬን ከተገኘ ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሕጉ ቶሎ የወጣበት አንዱ ምክንያት የ1904ቱን ሕግ ለመሻር የተጠራው ሕዝበ ውሳኔ እንዳይደረግ ለመቅደም ነበር። በዚያን ጊዜ የጤና ጥበቃ ሚኒስትር የነበሩት በኢጣልያ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ቲና አንሴልሚ ናቸው። በሜይ 22 ቀን ደግሞ ስለ ጽንስ ማቋረጥ የሚደነግገው ሕግ ወጣ። ሽብር አገሩን ባናወጠበት በዚያው ሁለት ሳምንት፣ ያው ምክር ቤት ሁለቱን ታላላቅ ሕጎች አጸደቀ። እንዲህ ያለውን መንግሥት እንዴት እንረዳው? ለታሪክ ተማሪ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ጥቂት ነው። ፊልሙ ግን ፓርላማውንም ፓርቲዎቹንም እንደሌሉ ያህል ትቷቸዋል። በ1976 ምርጫ ክርስቲያን ዴሞክራቶችና ኮሚኒስቶች ሁለቱ ተደምረው ከ100 ድምፅ 73 ያህሉን ወስደው እንደ ነበር ስናስብ፣ የዝምታው መጠን ይገባናል።

፯. የአባቶች ወጣትነት

ፊልሙ ስለ አንድ ትውልድ ወጣትነት ነው። ነገር ግን ትልቋ ልጅ በ1966 ለዳኝነት የምትበቃ ከሆነች፣ ወላጆቿ ወጣት የነበሩት በፋሽስት ዘመን ነው። በ1968 በአውሮጳ የተነሣው ወጣት አባቶቹን ከጠየቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ያን ጊዜ እናንተ ምን ስትሠሩ ነበር?» የሚል ነበር። የካራቲ ልጆች ይህን ጥያቄ የታሪካቸው መነሻ አላደረጉትም።

ይህ ነገር ከእኛ አገር ታሪክ ጋር ይገናኛል። ከአክሱም ተወስዶ በ1937 በሮማ የተተከለው ሐውልት፣ በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል አንቀጽ 37 መሠረት በ18 ወር ውስጥ ሊመለስ ይገባው የነበረ ሲሆን፣ የካራቲ ልጆች ባደጉበት፣ በጎለመሱበትና በሸበቱበት ዘመን ሁሉ በዚያው በከተማቸው ቆሞ ነበር። የተነቀለው ፊልሙ በታየበት በ2003 መጨረሻ ነው፤ ወደ አገሩ የተመለሰው በ2005፣ ዳግመኛ ተተክሎ የተመረቀው በ2008 ነው። በ1996 የኢጣልያ መከላከያ ሚኒስትር ጦራቸው በኢትዮጵያ የመርዝ ጋዝ መጣሉን በይፋ አምነዋል፤ ይህም በፊልሙ ዘመን ውስጥ የሆነ ነው። አዘጋጁ ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ባለመሥራቱ አንወቅሰውም፤ ማንም ሰው ርእሱን የመምረጥ መብት አለው። የምንለው ይህን ብቻ ነው፦ የአገሩን ሕሊና ታሪክ እተርካለሁ ለሚል ሥራ፣ በየቀኑ የሚታለፍበት ሐውልት ሳይታይ መቅረቱ ራሱ ስለዚያ ሕሊና የሚናገረው ነገር አለ።

፰. ታዲያ ስለ ምን ይህን ያህል ተመሰገነ?

በእኛ አስተያየት ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ርዝመቱ ነው። ከሰዎች ጋር ስድስት ሰዓት የተቀመጠ ተመልካች ይወዳቸዋል፤ የወደደውንም ሰው ቃል ያምናል።

ሁለተኛው፣ ተመልካቹ በየቦታው የሚያውቀውን ነገር ማግኘቱ ነው። ጎርፉን፣ የተማሪዎቹን ሰልፍ፣ የፊያትን አድማ፣ በሜይ 23 ቀን 1992 ዳኛው ጆቫኒ ፋልኮኔ በማፊያ ቦምብ መገደላቸውን ያስታውሳል። ሲያስታውስም የተረዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ማስታወስና መረዳት አንድ አይደሉም። አንድን ድርጊት ያወቀ ሰው «አዎ፣ ይህ ሆኗል» ይላል፤ የተረዳው ግን «ይህ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው» ይላል። ፊልሙ የመጀመሪያውን አብዝቶ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ይነፍጋል።

ሦስተኛው ምክንያት፣ ፊልሙ ለአንድ የኅብረተሰብ ክፍል ደስ የሚያሰኝ መስተዋት መሆኑ ነው። የተማረው መካከለኛ መደብ በዚያ ውስጥ ራሱን ቅን፣ ታጋሽና በዳይ ያልሆነ ሆኖ ያያል። ኒኮላ በአርባ ዓመት ውስጥ የሚጸጸተው ያላዳናቸውን ሰዎች እያሰበ ነው እንጂ የበደላቸውን እያሰበ አይደለም። ክፉው ነገር ሁሉ ከቤቱ ውጭ ነው፤ ወይም ከቤቱ በወጣችው በጁሊያ ላይ ነው። በ1965 ቤሎክዮ በሠራው «ጡጫ በኪስ» በተባለው ፊልም ግን ቤተሰቡ ራሱ የበሽታው ስፍራ ነበር፤ ስለዚህም ያ ፊልም ሲወጣ ብዙ ሰው አስቆጣ። ያስቆጣውና ያስደሰተው ፊልም የትኛው ስለ ዘመኑ የበለጠ እንደ መሰከረ ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ገለጽነው፣ «ምርጡ ወጣትነት» ስለ ፍሎረንስ ጎርፍና ስለ አእምሮ ሕሙማን ነጻነት ሲናገር የታመነ ምስክር ነው። ስለ ቤተሰብ ሕግ፣ ስለ መደብ፣ ስለ ቦምቦቹና ስለ አባቶች ዘመን ግን ዝም ይላል፤ ወይም የአገሩን ጉዳይ ወደ ግል ኀዘን ይለውጠዋል። ስለዚህ ከ1966 እስከ 2003 የሆነው የኢጣልያ ታሪክ ነው ብሎ መቀበል አይገባም። ይልቁን በ2003 የኢጣልያ የተማረ ወገን ያለፈውን ዘመኑን እንዴት ሊያስታውስ እንደ ወደደ የሚያሳይ ሰነድ አድርገን ብንይዘው፣ ከፍ ያለ ጥቅም እናገኝበታለን። በዚህ መንገድ ሲታይ ዝምታው ራሱ ማስረጃ ይሆናል።

ነገሩ የኢጣልያ ብቻ አይደለም። አገሩን ለመለወጥ የተነሣ፣ ተከፋፍሎም የተጋጨ ትውልድ ያለው ሕዝብ ሁሉ፣ አንድ ቀን ታሪኩን በቤተሰብ ድራማ መልክ ተዘጋጅቶ ማየቱ አይቀርም። ወንድም ከወንድሙ ጋር ሲታረቅ፣ እናት የልጅ ልጇን ስታቅፍ ማየት ያጽናናል። መጽናናትም ለሰው ያስፈልገዋል። የታሪክ ተማሪ ተግባር ግን እንባው ከደረቀ በኋላ ይጀምራል፤ ይኸውም በማዕዱ ዙሪያ ያልተቀመጠው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ነው።